የሰረዛችኋቸውን አራት ጥያቄዎች መልሱልን፦ ለቤተሰብ ኑሮ ጥናት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ኃላፊዎች፤

እኛ መጠይቃችሁን ይዘን በየቤቱ የምናንኳኳ መረጃ ሰብሳቢዎችና የቡድን ተቆጣጣሪዎች ነን። ለሚቀጥለው ዙር መጠይቁ እንዲያጥር የወሰናችሁበት ሰርኩላር ደርሶናል። ማጠሩን አንጠላውም። ሰው ሥራውን አቁሞ ለረጅም ሰዓት ጥያቄ ሲመልስ ምን ያህል እንደሚሰለቸው ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቅር ያሰኘን የተቆረጠው ነገር ነው።

የተቆረጡት አራት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ «ባለው ገቢ ወሩን ለማድረስ ምን ያህል ትቸገራላችሁ?» የሚለው ነው። ሌላው ያልታሰበ ወጪ ቢመጣ ሳይበደሩ መሸፈን ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። የቀሩት ሁለቱ የመሰላሉ ጥያቄዎች ናቸው። ዜሮ ለእርስዎ ከሁሉ የከፋው ኑሮ፣ አሥር ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ቢሆን፣ ዛሬ የት ነዎት? ከአምስት ዓመት በኋላስ የት የሚሆኑ ይመስልዎታል? የገንዘብ ጭንቀትን፣ የኑሮ እርካታንና ተስፋን የሚነኩት እነዚህ ብቻ ነበሩ። አሁን አንዱም የለም።

ሰርኩላሩ ሁለት ምክንያት ሰጥቷል። ገቢና ወጪ ስለሚመዘገብ ጥያቄዎቹ ድግግሞሽ ናቸው ይላል። ደግሞም «ስሜት እንጂ መረጃ አይደሉም» ይላል። በሁለቱም አንስማማም። የማንስማማበትን ምክንያት በየቤቱ ካየነው ተነስተን እንነግራችኋለን። ሰዎቹ ገመናቸውን አምነው የነገሩን ስለሆነ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እዚህ አልጻፍንም።

ከድግግሞሹ እንጀምር። ሁለት ቤቶች ነበሩ። በሁለቱም አምስት አምስት ሰው ይኖራል። የዓመት ገቢያቸው ተቀራራቢ ስለሆነ በእናንተ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ላይ ይውላሉ። የመጀመሪያው ቤት በደመወዝ ይተዳደራል። ብዙ አይደለም። ግን የሚገባበት ቀን ይታወቃል፣ ዕዳም የለም። ሁለተኛው ቤት ሥራ ሲገኝ ያገኛል፣ ሲጠፋ ያጣል። ደህና ወር ሲመጣ ገንዘቡ ያለፈውን ብድር ለመዝጋት ይሄዳል። ክፉ ወር ሲመጣ እንደገና ይበደራሉ። በዚያ ላይ የታመሙ እናት ያስታምማሉ። መሰላሉን ስናሳይ የመጀመሪያው ቤት መላሽ ብዙም ሳያስብ ስድስት አለ። የሁለተኛው ቤት እመቤት ጣቷን ሦስት ላይ አሳረፈች። ትንሽ አየችውና ወደ ሁለት አወረደችው። ከዚያ «ሁለትስ አልበዛም?» ብላ ሳቀች።

ይህን ልዩነት በገቢ ዓምዳችሁ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ገቢው መቼ ይገባል፣ ስንት አፍ ይጠብቀዋል፣ ስንቱ ለአበዳሪ ይሄዳል፣ ነገ አንዱ ቢታመም ምን ይኮናል? ሰው ሌሊት የሚገላበጠው በዚህ ነው። ሌሎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የገቢና የኑሮ ሁኔታ ጥናት የቤተሰብን ገቢ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ይህም ሆኖ ወሩን ማድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ በስድስት ደረጃ ለይቶ ይጠይቃል። ያልታሰበ ወጪ የመሸፈን አቅምንም ይጠይቃል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ ሰዎችን ድንገት የ400 ዶላር ወጪ ቢገጥማቸው በምን እንደሚከፍሉት ይጠይቃል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ተቋማት የገቢ መረጃ አጥተው ነው ብለን አናምንም።

«ስሜት ነው» ወደሚለው እንለፍ። የመሰላሉ ጥያቄ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1965 ያስተዋወቀው ነው። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይጠይቀዋል። ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጠው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ቡታን ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ አገሮች ደስታንና መልካም ኑሮን የሚያሳዩ ተጨማሪ መለኪያዎችን እንዲያዘጋጁ ጋብዟል። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት የኑሮ እርካታን በራሱ ጥናት ውስጥ አስገባ። በ2013 ደግሞ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች እርካታ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። ስሜት መሆኑ ማንንም አላስፈራም።

መልሱ ዝም ብሎ የአፍ አመል ቢሆን ኖሮ ከምንም ነገር ጋር ባልተያያዘ ነበር። ግን ይያያዛል። ዳንኤል ካኔማንና አንገስ ዲተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ከ450,000 በላይ የአሜሪካውያን መልሶችን መርምረው ነበር። ገቢ ሲጨምር ሰዎች መሰላሉ ላይ ራሳቸውን ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። የዕለቱ ስሜት ግን በዓመት 75,000 ዶላር ገደማ ሲደርስ ከፍ ማለቱን ያቆማል አሉ። ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ2021 የለም፣ አይቆምም ብሎ ተከራከረ። በ2023 ካኔማንና ኪሊንግስወርዝ በባርባራ ሜለርስ አስታራቂነት አብረው ሠሩ። ለብዙው ሰው የዕለት ደስታም ከገቢ ጋር ይጨምራል፣ ደስታቸው ከሁሉም ባነሰው ክፍል ዘንድ ግን ከተወሰነ ገቢ በላይ ይቆማል የሚል ውጤት አወጡ። የተቃራኒ ሐሳብ ባለቤቶች አብረው ቁጭ ብለው መሥራታቸው በራሱ ያስቀናል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። «ኑሮህን እንዴት ትመዝነዋለህ» እና «ትናንት ደስ ብሎህ ዋለ ወይ» የተለያየ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም ሳይጠይቁ በገቢ መገመት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የገረመን የስዊድኑ ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ትልልቅ የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ጠይቋል። የኑሮ እርካታቸው ከፍ ብሎ ነበር፣ ከአሥር ዓመት በላይም አልበረደም። በዕለት ደስታና በአእምሮ ጤና ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። እርካታውን በዋናነት ያመጣው ደግሞ በገንዘብ ሁኔታቸው መርካታቸው ይመስላል። በአጭሩ ገንዘቡ እርካታ የሆነው የእጅ ማጠር ሐሳብ ስለቀለለ ነው። ያንን ሐሳብ የሚለኩትን ሁለት ጥያቄዎች ነው እናንተ ያወጣችሁት።

ሁሉም ነገር ገንዘብ ነው እያልን አይደለም። በ2025 የመጀመሪያ ውጤቱ የወጣው በ22 አገሮች ከ200,000 በላይ ሰዎችን የጠየቀው ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን ያሳያል። ሰዎች የወር ወጪያቸውን ስለመሸፈን ምን ያህል እንደሚጨነቁ ጠይቋል። የሕይወት ትርጉምን፣ ዝምድናንና ጤናንም ጠይቋል። ሁሉም ሲደመር ኢንዶኔዥያ ከላይ፣ ጃፓን ከታች ተቀመጡ። ሀብታም መሆን ብቻውን አልበቃም። ይህ ግን የገንዘብ ጭንቀትን ለመተው ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ገቢን ብቻ አይቶ ስለ ሕዝብ ኑሮ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል። ባለፈው ዙር ሪፖርታችሁ ላይ ግን አማካይ ገቢ ስላደገ «የኑሮ ሁኔታ ተሻሽሏል» ተብሎ ተጽፎ አንብበናል። የመሰላሉ መልስ በዚያው ሪፖርት አባሪ ላይ ነበር። አንድ አረፍተ ነገር እንኳ አልተጻፈበትም።

አሁን ወደ ተስፋው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን። ከአራቱ ጥያቄዎች በጣም የሚያንገበግበን የአምስት ዓመቱ መሰረዝ ነው።

አንዲት እናት ነበረች። በሰው ቤት እየሠራች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ዛሬን ሁለት አለችን። ከአምስት ዓመት በኋላስ ስንላት ስምንት አለች። የተሳሳተች መስሎን ደግመን ጠየቅናት። ማታ ማታ ልብስ ስፌት እየተማረች እንደሆነ፣ ስትጨርስ ማሽን በክፍያ የሚሰጣት ሰው እንዳለ፣ ትልቋ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት እንደምትጨርስ ቆጥራ ነገረችን። ስምንቱ ዝም ብሎ ከአፏ የወጣ ቁጥር አልነበረም። ደረጃ በደረጃ አስባበታለች።

በዚያው ሰሞን አንድ የቢሮ ሠራተኛ አገኘን። ደመወዙ ከእሷ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዛሬን ስድስት አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ አራት። ለምን ብለን አልጠየቅነውም፤ መጠይቁ ለምን አይልም። እሱ ግን ራሱ ነገረን። የቤት ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፣ ደመወዝ አይጨምርም፣ የሚቆጠብ የለም፣ ጡረታ እየመጣ ነው። «እየወረድኩ ነው፤ ቀስ ብዬ ስለምወርድ አይታወቅም እንጂ» አለን።

በገቢ ብቻ ካያችሁ እሷ እርዳታ የሚያስፈልጋት ድሃ ናት፣ እሱ ደህና ነው። በተስፋ ካያችሁ እሷ መንገድ ላይ ናት፣ የሚያስፈልጋት ማሽኑ እንዳይቀርባት ነው። እሱ ደግሞ ማንም ሳያየው ተስፋ እየቆረጠ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኘው ያ የሰረዛችሁት ጥያቄ ብቻ ነው።

ተስፋ ምኞት ብቻ አይደለም። ሲ. አር. ስናይደር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1991 ያወጣው መለኪያ ተስፋን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ «እችላለሁ» ማለት ነው። ሌላው «በዚህ በኩል እደርሳለሁ» ብሎ መንገድ ማየት ነው። የእጅ ማጠር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው ሁለተኛውን እንደሆነ እኛ በሥራችን አይተናል። በዕዳ የተያዘ አንድ ወጣት «ጉልበትስ አለኝ፣ በየት በኩል እንደምወጣ ነው የጠፋኝ» ብሎናል። ስናይደርን አላነበበም፣ ግን ከዚህ የተሻለ አድርጎ የሚያስረዳ አላገኘንም።

ተስፋ ሲነካ ደግሞ ኪስም ይነካል። በ2010 በገጠር ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ነዋሪዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳይተው ነበር። ፊልሞቹ እንደ እነሱው ካለ ኑሮ ተነስተው ሕይወታቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የያዙ ናቸው። በጥናቱ ለተመልካቾቹ የተሰጠው ፊልሙ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ ምኞታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በቁጠባና በልጆች ትምህርት ላይም ትንሽ ለውጥ ታየ። ይህን ስንል ድህነትን በፊልም አጥፉ ማለታችን አይደለም (እንዲያ የሚል ኃላፊ ሊነሳ እንደሚችል ስለምናውቅ ነው አስቀድመን የምንናገረው)። የምንለው ተስፋ በኑሮ ላይ የራሱ ሥራ አለው ነው። የገንዘብ ጭንቀት ተስፋን ይበላል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ አያቅድም፣ አይቆጥብም፣ ጭንቀቱም ይብስበታል። የቱ የቱን እንዳመጣ ለማወቅ ሁለቱንም መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ እነዚያው ቤቶች ተመልሶ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። እናንተ ግን በየዙሩ አዲስ ናሙና ነው የምታወጡት።

የሰረዛችሁት ብቻም አይደለም የሚያሳዝነን። ጥያቄዎቹ በነበሩበት ጊዜም አያያዛቸው ልክ አልነበረም። ደጋግመን አመልክተናል፣ መልስ አላገኘንም። አሁን በአደባባይ እንላለን።

«አላውቅም» የሚለውን መልስ ውሰዱ። አንድ አዛውንት የአምስት ዓመቱን ጥያቄ ሲሰሙ ባልደረባችንን ቀና ብለው አዩአት። «ልጄ፣ አምስት ዓመት ትያለሽ? እኔ የዚህን ወር መጨረሻም አላውቀው» አሉ። ታብሌቱ ላይ ያለው ምርጫ ኮድ 99 ብቻ ነው። ኮድ 99 ደግሞ መረጃ ሲጸዳ «ያልተመለሰ» ተብሎ ይወጣል። የእኚህ ሰው መልስ ተጣለ ማለት ነው። ነገን ማሰብ ያቃታቸው ሰዎች ከስሌት ሲወጡ የተስፋ አማካይ ከፍ ይላል። ማንንም ለማታለል ታስቦ እንዳልሆነ እናምናለን፣ ግን ውጤቱ ያው ነው።

ሌላው አንድን ቤት በአንድ ሰው አፍ መመዘን ነው። መመሪያው የቤቱን ኃላፊ ጠይቁ ይላል። አንድ ቤት አባወራው «እንደምንም እንደርሳለን፣ ብዙም አንቸገር» እያለ ሲመልስ ባለቤቱ በሩ ጋ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም። ስልክ ተደወለለትና ወጣ አለ። እሷ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ብድሩን አልነገራችሁም አይደል?» አለች። ስንት ቦታ እንደተበደሩ፣ የትኛው አበዳሪ በር ድረስ እንደመጣ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ምን እንደምታደርግ ነገረችን። በዚያ ሰዓት የመጠይቁ ክፍል ታብሌቱ ላይ ተሞልቶ ተቆልፏል። በመረጃችሁ ውስጥ ያ ቤት «ብዙም አይቸገርም» ነው። ሰው ለእንግዳ ደህና ነን ማለቱ ያለ ነው። ቤቱን በእጇ የምታብቃቃውን ሰው አለመጠየቅ ግን የመመሪያው ጉድለት ነው።

የምንሄድበት ቀንም ችግር አለው። ለአስተዳደር ስለሚመች ብዙውን ጊዜ የምንሰማራው በወሩ መጀመሪያ፣ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ነው። በ2013 የታተመ በሕንድ ታሚል ናዱ የተሠራ ጥናት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትኗል። ምርቱ ሳይሸጥ፣ ኪስ ባዶ ሲሆን፣ በአመክንዮ ፈተና ያነሰ ውጤት አመጡ። ከሸጡ በኋላ እነዚያው ሰዎች የተሻለ ሠሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያስረዱት የገንዘብ ሐሳብ የሰውን አእምሮ ይይዘዋል በማለት ነው። ስለዚህ ቀኑ ለውጥ ያመጣል። ወሩ ሲያልቅ ብንሄድ የምንሰማው ሌላ ነው። እኛ እንኳ አበላችን የዘገየ ሰሞን ጨዋታችን ሁሉ ሌላ ነው፤ ይህን ብትጠይቁን በኮድ ሳይሆን በቃል እንመልስላችኋለን።

ስለ ቅደም ተከተሉ ብዙ አንልም። የመሰላሉ ጥያቄ የተቀመጠው ከዕዳውና ከወጪው ክፍል በኋላ ነበር። ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለበትን ብድር ሲቆጥር ቆይቶ «ኑሮዎን ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» ይባላል። ዲተን በ2012 ባወጣው ጥናት ጋሎፕ የመሰላሉን ጥያቄ ከፖለቲካ ጥያቄዎች በኋላ ሲያመጣ መልሱ በግልጽ እንደሚወርድ አሳይቷል። ወደ መጀመሪያ አምጡት ብለናል። አልመጣም።

የመጨረሻው ቅሬታችን ከሁሉም የሚከብደን ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ስንጠይቅ አንዳንዱ ሰው ይከፋዋል። የሚያለቅስም አለ። «ጠይቃችሁ ምን ልታደርጉልን ነው?» ይሉናል። የሚሰጣቸው አንድ ወረቀት እንኳ አልያዝንም። ዕዳ ሲያስጨንቅ ማን ጋ ይኬዳል፣ ሐሳቡ ሲበዛ የት ይታያሉ፣ ምን ድጋፍ አለ፤ ምንም። አመሰግናለሁ ብለን ታብሌታችንን ዘግተን እንወጣለን። ሰርኩላሩ ላይ ባይጻፍም ጥያቄዎቹ የወጡበት ሌላው ምክንያት «መላሾችን ስለሚያስከፋ» እንደሆነ በቃል ተነግሮናል። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ጥያቄው የሚያስከፋቸው ሰዎች አሉ፣ ልክ ነው። ግን የሚበዙት ኑሯቸውን የሚጠይቅ ሰው በመምጣቱ ደስ ይላቸዋል። የሚከፋቸው ጠይቀን ዝም ብለን ስንሄድ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አራቱ ጥያቄዎች ወደ መጠይቁ ይመለሱ። መጠይቁ ማጠር ካለበት ስለ ቤት ዕቃ ከሚዘረዝረው ረጅም ክፍል መቀነስ ይቻላል። የትኞቹ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ብቻ እንደሚያመጡ እኛ እናሳያችኋለን።

የመሰላሉ ጥያቄዎች ከገቢና ከዕዳ ክፍል በፊት ይምጡ።

ከቤቱ ኃላፊ ሌላ ቢያንስ አንድ አዋቂ ለብቻው፣ ሌላው ሳይሰማ፣ ይጠየቅ።

«አላውቅም» የሚለው መልስ ካልተመለሰው ተለይቶ ይመዝገብ፣ በሪፖርቱም ላይ ቁጥሩ ይውጣ።

ጉብኝቱ በወሩ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይከፋፈል። ከናሙናው የተወሰነው ክፍል ደግሞ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይጎብኝ።

ሪፖርቱ አማካይ ብቻ አይሁን። አምስት ላይ የሚውል አማካይ ሁሉም አምስት ያለበት ሊሆን ይችላል። ግማሹ ሁለት፣ ግማሹ ስምንት ያለበትም ሊሆን ይችላል። በእርካታና በተስፋ ዝቅ ያሉት እነማን እንደሆኑ በገቢ፣ በዕዳ፣ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ ይጻፍ።

ለመላሾች የሚሰጥ የድጋፍ ቦታዎች ዝርዝር የያዘ ወረቀት ይዘጋጅልን። ሰው ሲያለቅስ ምን ማድረግ እንዳለብንም ሥልጠናው ላይ ይካተት። እስከ ዛሬ ሥልጠናው ስለ ታብሌቱ ባትሪ የሚናገረው ስለዚህ ከሚናገረው ይበልጣል።

አዲሱ መጠይቅ ታብሌት ላይ ከመጫኑ በፊት ከመረጃ ሰብሳቢዎች ተወካዮች ጋር ስብሰባ እንዲጠራ እንጠይቃለን። ከተጫነ በኋላ ማስተካከያው ለሚቀጥለው ዙር እንደሚተላለፍ ከልምድ እናውቃለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቤተሰብ ኑሮ ጥናት የተሰማራን የቤት ለቤት መረጃ ሰብሳቢዎችና የቡድን ተቆጣጣሪዎች